በለቅሶ ቤት ያየሁት ድንጋይ

የሰፈራችን ሰው ዳኛ ምረጥ ሲባል የጫማውን ጫፍ ያያል። ያን ቀንም አምቦ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠን ሁላችንም ጫማችንን እያየን ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሰብሳቢው ለማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሦስት ሰው እንድንመርጥ ለመነን። የጎረቤትን ትንንሽ ጠብ የሚያዩ፣ ደመወዝ የሌላቸው፣ ከመካከላችን የሚወጡ ዳኞች ናቸው። አንዱ ሱቅ የሚጠብቅልኝ የለም አለ። አንዱ የፈተና ወረቀት አርማለሁ አለ። አንዱ ደግሞ ደም ግፊት አለብኝ ብሎ ደረቱን ያዘ፤ ባለፈው እሑድ ሠርግ ላይ ትከሻው እስኪወልቅ ሲጨፍር አይተነዋል።

እኔ ዝም ማለት አልሆንልኝም። ተነሣሁና «እንግዲያው ስትጣሉ ማን ይዳኛችሁ? ከእንጭኒ ከተማ ሰው እናስመጣላችሁ?» አልኳቸው።

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንድ ወንድ «አዴ ራሳቸው ይሁኑ!» ብሎ ጮኸ፤ አዴ የሚሉት እኔን ነው፣ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት። ጭብጨባው ቀለጠ። አውቄዋለሁ፣ የመረጡኝ ለዳኝነት ብለው አይደለም፤ ለአፌ መቀጫ ነው። ሰብሳቢው ግን ስሜን ጽፎ ነበር፣ እኔም አይሰረዝ አልኩ።

ማታ ቤት ስገባ ልጄ ዜናውን ቀድማኝ ሰምታለች። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ማን ቤት ገብተሽ ውሃ ትጠጫለሽ?» አለችኝ። «ግማሹ ሰፈር ፈርደሽበት ይቀየማል፣ ግማሹ ተራውን ይጠብቃል።»

«ቤቴ ውሃ አለ» አልኳት።

ያኔም አያት ነበርኩ። የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ፊደል ቆጥሬ ጋዜጣ እስከ ማንበብ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ግን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው የሚጻፈው። ኦሮምኛውን እናገረዋለሁ፣ ጽሑፉን ግን አላውቀውም። ስለዚህ ጸሐፊዋን እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ ካላነበበችልኝ አልፈርምም አልኳት። «ማሎ፣ እባክዎ አዴ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ» ትለኛለች። «አለፈ ካልሽ ፈጠን ብለሽ አንብቢ» እላታለሁ። ሁለተኛው ንባብ ላይ የተዘለለ ነገር ያገኘሁበት ጊዜ ስላለ አላፈርኩበትም።

ሰብሳቢ ዳኛችን ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፣ ዝምተኛና ጨዋ። ሦስተኛው የእህል ነጋዴ ነው። ሦስታችን ካልተሟላን ችሎት አይቀመጥም፤ ይህን ነጋዴው ከሁላችንም በላይ ያውቃል። የችሎት ቀን በደረሰ ቁጥር ጊንጪ ከተማ ሄዶ እህል የሚያስጭንበት ቀን ይሆናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ባለጉዳዮች ሥራቸውን ትተው መጥተው በከንቱ ሲመለሱ ካየሁ በኋላ፣ ማለዳ መጋዘኑ ሄጄ የጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ እልበት ጀመር።

«እትዬ፣ ገበያተኛው እያየኝ እኮ ነው» ይላል።

«ይይህ። ዳኛ መሆንህንም ይወቅ።»

እያጉረመረመ ይከተለኛል።

እንዲህ እያልን ሳለን ያ ክስ መጣ። ያመጡት ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል። ቤታቸው ከኋላ ነው፣ አስፋልቱን የሚነካው የፊት ለፊቱ ግቢ የሌላ ሰው ነው። ዶክተርና ባለቤታቸው ወደ አስፋልቱ የሚወጡት በዚያ ግቢ ጥግ ባለ መተላለፊያ ነበር። የግቢው ባለቤት በቆርቆሮ ዘጋችው። አፈር ደልድላም ጎመን ተከለችበት። ከዚያ በኋላ ለመውጣት ወንዙን ዳር ዳሩን ይዞ መዞር ግድ ሆነ። የዶክተር ባለቤት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ይዘዋል፤ በየጊዜው ለሕክምና ተሸክመው ይወስዷቸዋል። በበጋው በወንዙ በኩል እንደ ምንም ይኬዳል። ክረምት ሲገባ ያ መንገድ ጭቃ አይባልም፣ ራሱ ወንዙ ነው። እንግዲህ ጉዳዩ ይኸው ነበር፤ ክረምት ሳይገባ መተላለፊያው ካልተከፈተ ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ይቀራሉ።

ቆርቆሮውን ያቆመችው ሴት ባልንጀራዬ ናት። በርበሬ ተራ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሸጥ ሃያ ዓመት ሆኖናል። አንዳችን ስንታመም አንዳችን የሌላዋን ዕቃ እንሸጣለን። የመጀመሪያ ልጄን ስድር ድግሱን የመራችው እሷ ነበረች።

ክሱ የመጣ ሰሞን ገበያ ላይ ጠጋ አለችኝና «የኔ እመቤት፣ የዚያን ቀን ብቻ ታመሚልኝ» አለችኝ።

«ምን ልታመም?»

«ሌሎቹ የሚታመሙትን ነዋ!»

አሳቀችኝ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን እኔ ከቀረሁ ምትክ የሚሆን ሰው እንደሌለ፣ ቀጠሮው ክረምቱን አልፎ መስከረም እንደሚሄድ ነገርኳት። እንደምታውቀው ፊቷ ላይ አየሁ። የፈለገችውም እሱን ነው።

«አልታመምም» አልኳት።

የመጀመሪያው ችሎት ላይ፣ ማንም ሳይናገር ተነሥቼ ተከሳሿ ባልንጀራዬ መሆኗን ተናገርኩ። ወደ ዶክተር ዞሬም «እኔ ብቀመጥ ይቃወማሉ?» አልኳቸው።

ዶክተር ዙሪያውን ቃኘት አደረጉና «ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አሉ። ችሎቱ ሳቀ፣ እኔም ቁጭ አልኩ።

ባልንጀራዬ አንደበቷ ርቱዕ ነው። «እዚያ መንገድ ኖሮ አያውቅም» አለች። «ጎረቤት ናቸው ብዬ በግቢዬ አሳለፍኳቸው። ፈቃዴ ነበር፣ አሁን ፈቃዴ አይደለም።» ዶክተር ደግሞ ቦታው ድሮ ለሁለት ሲከፈል መተላለፊያው የጋራ ተብሎ ተለይቷል አሉ። ማስረጃቸው «ሀገረ ሕይወት» የሚል፣ በአምቦ የድሮ ስም የተመታ ማኅተም ያለበት አሮጌ ወረቀት ነው፤ ስለ መተላለፊያው የሚናገረው ቦታ ላይ ግን እርጥበት በልቶታል። ቦታውን ያካፈሉት ሰው ሞተዋል። እኔም ያን ግቢ ሳውቀው በወዲያኛው በር ገብቼ ሳሎን ነው የምቀመጠው፤ ስለ ጥጉ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሌላ ማስረጃ ካለ እንዲመጣ ብለን ቀጠሮ ሰጠን።

በመካከሉ የባልንጀራዬ እናት አረፉ።

አብረዋት ይኖሩ የነበሩ፣ እኔንም «ልጄ» የሚሉኝ ሴት ናቸው። ብሄድ ዶክተር «ከባለጋራዬ ጋር ስታለቅስ ዋለች» ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ብቀር ግን ከሰው ተራ መውጣቴ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ።

ስደርስ ድንኳን እየተተከለ ነው። የኛ እድር ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም አንድ ላይ ያለበት ነው፣ የዕለቱ የድንኳን ተራ ደግሞ የደረሰው ለዶክተር ነበር። ሽማግሌ ቢሆኑም ተራቸውን አሳልፈው አያውቁም። ኮታቸውን አውልቀው ዲጂኖ ይዘዋል። ግቢው ለድንኳኑ ጠበበና ወጣቶቹ ጥጉ ላይ ያለውን ቆርቆሮ እናንሣው ወይ ብለው ባልንጀራዬን አስጠየቋት። ከለቅሶዋ ቀና ሳትል በእጇ አንሡት አለች።

ቆርቆሮው ተነሣ። ዶክተር ጎመኑን ገለል አድርገው ለካስማ መቆፈር ሲጀምሩ ዲጂኖው ድንጋይ ላይ አርፎ ጮኸ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ቆፈሩ፤ እንደገና ድንጋይ። ሦስተኛውም እንደዚያው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አፈሩ ሲገለጥ ጠፍጣፋ፣ ብዙ እግር ያለሰለሰው፣ ከጊዜ ብዛት አፈር ውጦት ዶክተርም ያላወቁት ድንጋይ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደሳቸው ቤት የሚሄድ። ዶክተር አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ከዚያ አፈሩን በእግራቸው መልሰው ሸፈኑና ወጣቶቹን «ካስማውን ወዲህ እናድርገው» አሏቸው። ወደ ድንኳኑ ስንገባ ባልንጀራዬን «ጌታ ያጽናሽ» ሲሏት ሰማሁ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። የውነቴን ነው ያለቀስኩት።

ድንኳኑ ሲነሣ ቆርቆሮው ተመልሶ ቆመ።

በሐዘኑ ምክንያት ቀጠሮው ተላለፈ። ገበያ ላይ አጠገቤ ያለው ቦታዋ ባዶ ነበር፤ እኔ በርበሬ እየሰፈርኩ ስለ ድንጋዩ አስባለሁ። ያየሁት እንደ ዳኛ አይደለም፣ እንደ ለቀስተኛ ነው። ችሎት ላይ ላወራው አይገባም። ካላወራሁት ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ይቀራል። ዶክተር ራሳቸው ይናገሩታል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ሰኔ ሲገባ ችሎቱ ተቀመጠ። ባልንጀራዬ ጥቁር ለብሳለች። መምህሩ ዶክተርን ተጨማሪ ማስረጃ አለዎት ወይ ብለው ጠየቁ።

«የለኝም» አሉ።

«አንድም ነገር?» አልኩ እኔ።

«አዴ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ ዕቃ ይዞ አይወጣም።»

ዶክተር ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመምህሩ አልገባቸውም። ወረቀታቸውን ሰበሰቡ፤ ክሱ ሊዘጋ ነው። እኔ «ውሳኔ ከመስጠታችን በፊት ቦታው ይታይ፤ ይቆፈርም» አልኩ።

ባልንጀራዬ ተነሣች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«በእናቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለሽ መሬቴን ስትሰልይ ነበር?» አለችኝ።

«ያየሁት ነገር አለ» አልኳት። «ያየሁትን ግን አልናገርም፣ አልፈርድበትምም። እዚያ ያልነበረ ሰው ይይ።» ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞርኩ። «አንተ ለቅሶው ላይ ነበርክ?»

አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ጊንጪ ነበርኩ። ልደርስ አስቤ…» የምቆጣው መስሎታል።

«ተመስገን! አንተ ቆፍረህ ታያለህ፣ ቀድመህ የምትናገረውም አንተ ነህ።»

በማግስቱ ባለጉዳዮቹ በተገኙበት ሄድን። ነጋዴው የተወለወለ ጫማ አድርጎ ነበር። ሰው ይቆፍርልህ ቢባል እምቢ ብሎ ዲጂኖውን ራሱ ያዘ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲያገኝ ቆም ብሎ አየን፣ እኔ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዞርኩ። ከጥጉ እስከ ዶክተር አጥር ድረስ ጎመን ለጎመን እየሄደ ገለጠው። ሲጨርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ጫማው አፈር ለብሷል።

«አሥራ አንድ ድንጋይ» አለ። «ይሄ በጎረቤት ፈቃድ የሚታለፍበት ግቢ አይደለም። አስበው ያነጠፉት መንገድ ነው።» ቀጥሎ መምህሩ ተናገሩ። እኔ መጨረሻ ላይ «እስማማለሁ» ብቻ አልኩ።

ውሳኔው ሲጻፍ ጸሐፊዋ አንድ ጊዜ አንብባ ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ባልንጀራዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ሁለት ጊዜ ማስነበቤን የጠላሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግን «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው፣ ፈረምኩ።

ቆርቆሮው በሳምንቱ ተነሣ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ የዶክተርን ባለቤት አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው በድንጋዩ ላይ ወደ አስፋልቱ ሲያወጧቸው አየሁ። ዶክተር ጃንጥላ ይዘውላቸዋል። በአንገታቸው ሰላም አሉኝ እንጂ አላመሰገኑኝም። አለማመስገናቸውን ወደድኩት።

ባልንጀራዬ ሐዘኗን ጨርሳ ገበያ ስትመለስ ዕቃዋን ከአጠገቤ አንሥታ በርበሬ ተራ ጫፍ ላይ ዘረጋች። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ስላት ለሚዛኗ ትመልሳለች። እንዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። ለጠየቀችኝ ጥያቄም መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ስሰልል አልነበርኩም። አላየሁም ግን ማለት አልችልም፤ ካስማ ሲቆፈር ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ?

የዳኝነት ዘመናችን አለቀና እንደገና አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ሌላ ነው፣ ሰዉና ጫማው ያው። ደም ግፊት ያለበት ሰውዬ ደረቱን ያዘ። እኔ በዚህኛው ጊዜ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሌላም ሰው ይሞክረው ብዬ ነው።

ከሴቶቹ ወገን አንድ ድምፅ ወጣ። ሳልዞር አወቅኩት።

«እሷን አድርጓት» አለች ባልንጀራዬ። «እዚያ ወንበር ላይ ከወጣች ሰው አታውቅም።»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ስድብ ይሁን ምስጋና ማንም አለየውም፤ ዞሬ ፊቷን ሳይ እኔም አለየሁትም። እሷ ግን ሰብሳቢው «የሚደግፍ» ሲል እጇን አንሥታ፣ ቆጥሮ እስኪጨርስ አላወረደችም።

ሲበተን በተለያየ በር ወጣን። በማግስቱ ማለዳ ነጋዴው መጋዘን ሄጄ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱንም መርጠውታል።