የጎደለውን የሞላ መካኒክ

ጋራዡ ውስጥ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ካቻቢቴ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሥራ ሲጀምር ነው። እኩዮቹ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ ጢማቸውን መላጨት ሲለምዱ፣ እሱ ገና እንደ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ ቀጥ ያለ ቀጭን፣ አገጩም የሕፃን አገጭ ነበር። ጉርምስና በኋላ መጣ፤ ሲመጣም እንዳልተጠራ እንግዳ እየተሸማቀቀ ነው የመጣው። ዛሬ አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሞተር ተነስቶ ሁለቴ ሳያጉረመርም የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ይናገራል። ባለመኪናዎች ሌላው መካኒክ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እያዩ እንኳ የእሱን ተራ ይጠብቃሉ። ጢሙ ግን አሁንም እዚህም እዚያም ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው፤ ልጅ ግን የለም። ከዚህ ውስጥ ስምንቱን ዓመት ስትመረመር የኖረችው እሷ ብቻ ናት። እሱ የተመረመረው «አንተስ?» ብላ ቀጥ አድርጋ ዓይኑን ባየችው ቀን ነው።

የክሊኒኳ ሐኪም ነገር አታስረዝምም።

«ዘርዎ ትንሽ ነው፤ ግን አለ» አለችው። «ለአንድ እንቁላል የሚያስፈልገን አንድ ዘር ነው። እንቁላሉን አውጥተን እሱን አንድ ዘር እኛው በመርፌ እናስገባበታለን።» ወደ ሚስቱ ዞረች። «ያንቺ ግን ጊዜ አይሰጥም። እንቁላሎችሽ እያለቁ ነው። አርባ አንድ ዓመትሽ ነው፤ ይህ የሕክምና ዙር ካመለጠን ሌላ ዙር ይኖርሻል ብዬ አልዋሽሽም።»

ከማህፀኗ ትንሽ እባጭ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ቁስሉ እስኪሽር ሦስት ወር መጠበቅ ነበረባቸው።

«እኔ እስከዚያው ምን ላድርግ?» አለ።

«እርስዎ ምንም አያድርጉ።»

ለሃያ ሰባት ዓመት የተበላሸ ነገር ሲጠግን የኖረ ሰው «ምንም አታድርግ» የሚባል ጥገና አያውቅም። የምርመራ ወረቀቱን ጋራዥ ወስዶ እንደ መኪና ዳሽቦርድ አነበበው። መጨረሻው መስመር ላይ «የወንድ ሆርሞን» ይላል፤ አጠገቡ ወደ ታች የሚያመለክት ትንሽ ቀስት አለ። ነገሩ በራለት። ዘይት ካነሰ ዘይት ይጨመራል። ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያሻም።

ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጓደኛው ከሥራ በኋላ ብረት የሚያነሳ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የወፈረ ሰው ነው።

«የወንድ ሆርሞን በመርፌ አለ ይባላል?» አለው ካቻቢቴ፣ ፍሬን ሸራ እያጠበ፣ ለወሬ ያህል።

«አለ እንጂ! እኔን ያየህ በሽሮፕ ያደግኩ ይመስልሃል?»

«ለዘርስ ይሆናል?»

«ወንድሜ፣ ወንድ የሚያደርግህ እሱ አይደል? ታዲያ ዘሩ ከየት ይመጣል፣ ከጎረቤት?»

ሁለቱም ሳቁ። በሳምንቱ ጓደኛው የመርፌውን ጠርሙሶች አመጣለት።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በጋራዡ ሽንት ቤት፣ ጭኑን በአልኮል ጠርጎ ራሱን ይወጋል። ለሚስቱ አልነገራትም፤ ውጤቱን አይታ እንድትደነቅ ፈለገ። ደግሞም ሠራለት። በሁለተኛው ወር ጢሙ ገጠመ፣ ክንዱ ሞላ፣ ከባዱን የመኪና ካምቢዮ ብቻውን ተሸክሞ አወረደ።

«ካቻቢቴ፣ አሁንማ መኪና የሚያነሳ ክሪክ ሆነሃል!» አሉት የሥራ ባልደረቦቹ።

ሚስቱም አገጩን ዳሰሰችው። «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ጎረመስክ እንዴ?»

በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

እንቁላል የሚያሳድገው የእሷ መርፌ ሲጀመር ሐኪሟ ዘሩን እንደገና ልትመረምር ቀጠረችው፤ ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀረ። በልቡ ግን የሞላ ጋን ምን ይለካል ብሎ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ «የሚወስዱት መድኃኒት» የሚል ቅጽ ሲሰጡት «የለም» ብሎ ጻፈ፤ መዋሸቱ አልነበረም፣ ዘይት መድኃኒት ነው እንዴ? ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት የሚስቱን ሆድ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይወጋላት ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ። ሆዷ በልዞ የሚወጋበት ቦታ ሲጠፋው ትንሽ ፈልጎ ያገኛል።

«እጅህ ቀላል ነው» ትለዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

እንቁላሏ የሚወጣ ቀን፣ እሷ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ወደ ውስጥ ስትገባ፣ እሱ ዘሩን የሚሰጥባትን ትንሽ ብልቃጥ ይዞ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባ። ብልቃጧን በመስኮቱ ሲመልስ ፈገግ ብሏል።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሌላ ብልቃጥ ሰጡት። ከዚያ ሐኪሟ ራሷ መጥታ ቢሮዋ አስገባችው።

«አንድም የለም» አለች።

«ምኑ?»

«ዘር። ሁለቱንም ናሙና በማሽን አሽከርክረን ፈለግን። ባለፈው ነበረዎት። በዚህ ሦስት ወር ምን ወስደዋል?»

«ኧረ እኔ እንኳ ... ሆርሞኑ አንሶ ነበር አይደል? ሞልቼዋለሁ።» ጢሙን ነካ አደረገ፤ እንደ ማስረጃ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጭንቅላታችን ውስጥ ዘር እንዲመረት የሚያዝ ክፍል አለ» አለች ረጋ ብላ። «ደም ውስጥ ብዙ ሆርሞን ካየ ...»

አላስጨረሳትም። ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ታንከር ታየው። ከውጭ በባልዲ ስትሞላበት ተንሳፋፊው ከፍ ይልና ቧንቧውን ይዘጋል። ሦስት ወር ሙሉ በባልዲ ሲሞላ ከርሟል።

«ተዘጋ» አለ።

«ተዘግቷል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል ለመከፈት?»

«መርፌውን ዛሬ ካቆሙ ስድስት ወር፣ ዓመት፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።»

«የእሷስ? ወጣ?»

«አምስት እንቁላል። ካሰብነው በላይ ነው። ግን አቀዝቅዞ ማቆየት እዚህ አልተጀመረም። እስከ ማታ ነው የሚጠብቁን።» እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። «የሌላ ሰው ዘር የሚቀበሉ ጥንዶች አሉ። እሷን ሳልጠይቅ ግን አላደርገውም።»

«እኔ ልንገራት» አለ።

ሚስቱ አልጋው ላይ ቀና ብላ ነበር፤ ከንፈሯ ደርቋል። ገና ሲገባ «ስንት?» አለችው።

«አምስት።»

«አምስት!» ፊቷ በራ። «ታዲያ ከአምስት አንድ ይጠፋል?»

ቆሞ ነገራት። አሳጥሮ፣ ለባለመኪና ሞተሩ ነክሷል፣ አይነሳም እንደሚል ሁሉ። ብትጮህበት በወደደ፤ አልጮኸችም።

«የት ነበር የምትወጋው?»

«ጋራዥ። ሽንት ቤት።»

«እኔን ጠዋት ወግተህ ትሄድና?»

«አዎ።»

«አንድ ቀን እንኳ አፍህን አላዳለጠህም?»

«ልጠቅም ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ክፋትህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለክፋት የሚባል አይጠፋም።»

ሐኪሟ ገብታ ስለ ሌላ ሰው ዘር ጠየቀቻት። ሚስቱ ለረጅም ጊዜ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቷ ስትለካ ቆየች፤ ጨርቅ እንደምትለካው። በመጨረሻ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። «አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት የእሱን ልጅ ነው» አለች። «የእሱን ባልፈልግ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።»

«እንጠብቅ» አለ እሱ። «እኔ ዛሬውኑ አቆማለሁ። ዶክተር ስድስት ወር ብላለች።»

«ያንተ ይመለሳል» አለች፤ ወደ ግድግዳው ዞራ። «የእኔ የሚመለስበት የለም።»

ሐኪሟ አልተቃወመቻትም። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ እንቁላሎቹ እንዲወገዱ የሚፈቅድ ወረቀት አመጣች። ሁለት ፊርማ ይፈልጋል። ሚስቱ በተኛችበት ፈረመችና እስክሪብቶውን ሳታየው ዘረጋችለት። እሱ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን መስመር አነበበ፤ የሚያስተካክለው ነገር ፈልጎ አጣ፤ ፈረመ።