የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት

አባቴ ጨለለቅቱ አካባቢ ቡና የሚያመርት ገበሬ ነው። ባለፈው ዓመት ማኅበራቸው ደቡብ ኮሪያ ለሚደረግ የቡና አውደ ርዕይ መረጠው። እስከዚያ ቀን ከሐዋሳ አልፎ አያውቅም። ፓስፖርቱ እጁ እንደገባ እኔ ዘንድ ዲላ መጣ። የጂኦግራፊ መምህርት ስለሆንኩ በቤታችን የመንገድ ጥያቄ ሁሉ የሚቀርበው ለእኔ ነው።

"ከአዲስ አበባ ሴኡል ምን ያህል ይርቃል?" አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

ትምህርት ቤት ወስጄው ሉሉ ላይ በስፌት ክር ለካሁለት። "ከዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል" አልኩት።

"ኪሎ ሜትሩን ተዪው፣ በሰዓት ንገሪኝ።"

"በረራው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።"

"ስመለስስ?"

"ያው ነው አባ። መንገዱ አንድ አይደል?"

ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ እናቴና እኔ ስለ ፎቁና ስለ ባቡሩ ሊያወራን ነው ብለን ከበን ተቀመጥን። እሱ ግን የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ፊቴ አስቀመጠው። ወደ ኮሪያ ሰዓት ቀይረው ቢሉት እምቢ ብሎ በአገሩ ሰዓት ሲቆጥር ነው የሰነበተው።

"ስሄድ እንዳልሽው ነው" አለ። "ስመለስ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ጨመረ።"

"ዘግይቶ ተነስቶ ይሆናል።"

"የቆጠርኩት መሬት ከለቀቀ ጀምሮ ነው!"

እናቴ ሳቋ መጣ።

"አስተናጋጇን ጠየቅኳት" አለ አባቴ። "እላይ ሰማዩ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ አለችኝ። ስንሄድ ከኋላ ይገፋናል፣ ስንመለስ ፊት ለፊት ይገጥመናል። አየሽ፣ ከቡሌ ዲላ መውረድና ከዲላ ቡሌ መውጣት አንድ ነው እንዴ? የእናትሽን ዘመዶች ልንጠይቅ አንቺን አዝዬ ያንን ዳገት ስወጣ በነበርሽበት!"

"ነበርኩ እኮ" ብዬ እኔም ሳቅሁ። ያንን ነፋስ ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ስሥለው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሰው የተሳፈረበት አውሮፕላን እንደሚገፋ አስቤ አላውቅም። አፈርኩ፤ ከእፍረቴ ይልቅ ግን ኩራቴ በለጠ።

ሰኞ ለተማሪዎቼ እንዲነግርልኝ ለመንኩት። "እኔ ምን ተምሬ?" ብሎ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ሰሌዳው አጠገብ ቆመና ሁሉንም እንደ ቤቱ ወግ አጫወታቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ "አባባ፣ አልፈሩም?"

"ሲነሳ ፈራሁ" አላት። "ከዚያ ምሳ አመጡልን፤ በልቼ ተኛሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ስንወጣ ርእሰ መምህሩ ሻይ ጋበዘው። አባቴ ስለ ኮሪያ ብዙም አላወራም፤ በዚያ ዓመት ዝናቡ በወቅቱ ስለመጣለት ቡናው ሲያጫውተን ቆይቶ እኩለ ቀን ላይ ወደ ጨለለቅቱ ተሳፈረ።