ፎንቆ ያለችው የሳይክሌ መንትያ

ሳይክሌን የገዛኋት አርባ ዓመት በሞላኝ በዓመቱ ነው። ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ፣ ያገለገሉ ሳይክሎች የሚሸጡበት አንድ ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ አየኋት። ቀለሟ ያልበሰለ አቮካዶ ይመስላል። ሻጩ "ሃይብሪድ ናት" አለኝ። እንደ እሽቅድምድም ሳይክል አልቀጠነችም፣ እንደ ተራራ ሳይክልም አልወፈረችም፤ ለአስፋልቱም ለኮረኮንቹም ትሆናለች ማለቱ ነው። ሆሳዕና ደግሞ አስፋልትና ኮረኮንች እየተፈራረቁ የሚያንገላቱን ከተማ ስለሆነች፣ ይህች ሳይክል ለእኔ ተብላ የተሠራች መሰለኝ። የሥልጠናው አበል እዚያው ሱቅ ውስጥ ቀረ። ሳይክሏን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስሬ፣ በየማቆሚያው እየወረድኩ ገመዱን እየነካካሁ ቤቴ ገባሁ።

ባሌ ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው። ዞሮ ዞሮ አያትና "ሃይብሪድ እኮ በእኛ ቋንቋ ዲቃላ ማለት ነው" አለ። "ዲቃላ ላም አውቃለሁ፣ ዲቃላ በቆሎም አውቃለሁ። ዲቃላ ሳይክል ግን ገና ዛሬ አየሁ።"

ይህን ሲል አጥራችን አጠገብ የሚያልፍ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ቃሉ ከግቢያችን ወጣ። በሳምንቱ የጽዋ ማኅበራችን አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በፌስታል እንቁላል ይዘው መጡ። ተቀምጠው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አይዞሽ፣ ልጅ ምን ጊዜም ልጅ ነው። ከየት መጣ አይባልም" አሉኝ። እኔ ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። "አንቺ ከአዲስ አበባ ዲቃላ ይዘሽ መጣሽ ሲሉ ሰምቼ ነው እንጂ እኔስ ወሬ አልወድም። ወንድ ነው ሴት?" ሲሉ ግን ገባኝ። ተነስቼ ከሶፋው ጀርባ የቆመችውን ሳይክል አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አይተዋት "ትነዳለሽ?" አሉ። እነዳለሁ አልኳቸው። "እሱ ይብሳል" ብለው ሄዱ። እንቁላሉን ግን ትተውልኝ ነው የሄዱት።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ወላጆቼ ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። ከተማው ሁሉ "ቲቸር" ይለኛል። በሳይክል መሄድ ስጀምር ባጃጅ ነጂዎች ከጎኔ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ "ቲቸር፣ ላሳፍርዎት?" ይሉኝ ነበር። ባጃጁ ላይ ሊያወጡኝ ይሁን ሊያሳፍሩኝ አላጣራሁም። ዝም ብዬ እረግጣለሁ። ከጥቂት ወር በኋላ ሰለቻቸው፤ አሁን ቁልቁለቱ ላይ እኔ ነኝ የማልፋቸው።

አምስት ዓመት ያለ ችግር ከሄድን በኋላ፣ ካቻምና ክረምት ማለቂያ ላይ ሳይክሌ ተሰበረች። ጭቃ ሸፍኖት ያላየሁት ቦይ ውስጥ ገባሁና የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ቀጭ አለ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ግን ጭቃ ጠጣ። እየገፋሁ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሳይክል ሠሪ ወሰድኳት። ሠሪው ቀልደኛና ብልህ ሰው ነው። የተሰበረውን ዕቃ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

"ቲቸር፣ ይህ ከተራራው አይገጥምም፣ ከእሽቅድምድሙም አይገጥምም። አዲስ አበባ ማስፈለግ ነው" አለኝ።

ፍለጋው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ባጃጅ ሲሞላብኝ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃ ስሻገር ሰነበትኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሦስቴ አረፈድኩ። ተማሪዎቼ ደስ አላቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ግን ደስ አላላቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ሠሪው ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳማርር፣ ራሱን ሳያነሳ "ቲቸር፣ የእርስዎ መንትያ እኮ ፎንቆ አለች" አለኝ።

"የእኔ መንትያ?"

"የሳይክልዎ። ቀለሟ ሳይቀር አንድ ናት። የአንድ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናት። ሽማግሌ ናቸው፣ ዛሬ ነገ መንዳት ይተዋሉ። ቢጠይቋቸው የሚሸጡልዎ ይመስለኛል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት ከተማ ፎንቆ ያለችው ሳይክል ከልቤ አልወጣችም። ዕቃው መጥቶ የእኔዋ ድና እንኳን አልወጣችም። እሑድ ምሳ ላይ ለባሌ ነገርኩት።

"ሁለት አንድ ዓይነት ሳይክል ምን ያደርግልሻል?" አለ።

"አንዷ ስትሰበር በሌላዋ እሄዳለሁ።"

"ሌላዋም ስትሰበርስ?"

"ከሁለቱ እያወለቅኩ አንድ ደህና አወጣለሁ።"

"እንግዲያው የምትገዢው ሁለተኛ ሳይክል አይደለም፣ ቆሞ የሚጠብቅ መለዋወጫ ነው። እኔ በሥራዬ ለመለዋወጫ ተብሎ ላም ሲገዛ አላየሁም።"

"አንተ ሁለት ጫማ የለህም?"

"አለኝ። አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ ቡኒ። አንቺ ግን ያንኑ ጥቁሩን ልትደግሚ ነው። መግዛትሽ ካልቀረ ለምን ሌላ ዓይነት አትገዢም?"

እውነቱን ለመናገር ሌላ ዓይነት አልፈልግም። እጄ የለመደው ፍሬን አለ፣ ወገቤ የለመደው ኮርቻ አለ። ግን ይህ ሲነገር እንደ ክርክር አይሆንም፣ እንደ ፍቅር ነው የሚሆነው። ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ። እሱ ያሸነፈ መስሎት ሜትር አምጥቶ ከሶፋው ጀርባ ያለውን ቦታ ለካ፤ ሁለተኛዋ ከገባች ቴሌቪዥኑ መውጣት አለበት ብሎ ፈረደ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጃችን ከስልኳ ቀና ብላ "ቴሌቪዥኑ ከሚወጣ አባዬ ቢወጣ አይሻልም?" አለች። ጨዋታው በዚሁ ተበተነ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳይክሌን ይዤ ወደ ፎንቆ ወጣሁ። ሠሪው ለሽማግሌው ስልክ ደውሎ እንደምመጣ ነግሮልኝ ነበር። ለእኔም ምክር ሰጥቶኛል፤ "ዓይንዎ ሳይክሏ ላይ እንዳይቀር። መጀመሪያ ስለ ዝናብ ያውሩ" ብሎኛል። አየሩ ደህና ነበር። የገበያ ቀን ባይሆንም ጎመንና እንሰት የተሸከሙ አህዮች መንገዱን ይዘውት ነበርና አቀበቱን ከእነሱ እኩል ወጣሁት ብል ይሻላል። ሁለቴ ወርጄ ገፍቻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሽማግሌው ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው እየጨበጡኝ በሌላው የሳይክሌን መሪ ያዙት። "ደክሞሻል፣ አምጪያት" ብለው ተቀበሉኝና ወስደው ከእሳቸው ሳይክል ጎን አስደገፏት። እውነትም መንትያ ናቸው። የእሳቸዋ ንጹሕ ናት፤ ሰንሰለቷ በዘይት ያብለጨልጫል። ዓይኔን ወዲያው አነሳሁና ወደ ሰማይ አየሁ።

"ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነው" አልኩ።

"ደህና ነው" አሉ፤ እሳቸው ግን ቁጭ ብለው የእኔን ጎማ እየጫኑ ያዩ ነበር። እንግዳ አክባሪ ሰው መሰሉኝ።

ባለቤታቸው የተቀቀለ ድንች በዳጣ አቀረቡልን። በላን። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ጋሼ እየሳቁ "ከሆሳዕና ድረስ ስትመጪ አቀበቱ አልከበደሽም?" አሉኝ።

"አይ፣ ምንም አይልም። እርስዎስ ጋሼ፣ ጉልበትዎን አያምዎትም?"

"እኔን? ኧረ በፍጹም። ግን ልጄ፣ አስተማሪነትና የቤት ሥራ ላይ ሳይክል ሲጨመርበት አይደክምም?"

"አይደክምም። በእርስዎ ዕድሜ ግን መንገዱ መኪና በዝቶበት አያሰጋም?"

እንዲህ እየተባባልን አንዳችን የሌላችንን ጤና ስንመረምር፣ ባለቤታቸው እትዬ ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው በሀዲይኛ "ሰልችቷታል፣ ልትሸጥልኝ ነው ብለኸኝ አልነበር? ይቺ ልጅ የሰለቻት አትመስልም" አሏቸው።

እኔ ሀዲይኛ የተማርኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር እያቦካሁ ነው፤ እንደ አማርኛዬ ባልናገረውም አንዱም ቃል አያመልጠኝም። ድንቹ አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ። "ጋሼ፣ የሚሸጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አልኩ።

ጋሼ ሳህናቸውን አስቀመጡ። "እኔ? ሠሪው ሴትዮዋ ደክሟታል፣ ሳይክሏን ይዛ ትመጣለች፣ ይግዟት አለኝ እንጂ። እኔ መለዋወጫ እያጣሁ ስቸገር ሁለተኛ የምትሆነኝ ብዬ..."

"ለእኔም ሽማግሌ ናቸው፣ ይተዋሉ ነው ያለኝ።"

ቀድመው የሳቁት እትዬ ናቸው። ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ጋሼ "ሽማግሌ" የሚለው ቃል ትንሽ ቆንጥጧቸው ነበርና ዘግይተው ነው የሳቁት። ከሳቁ በኋላ ግን ተነሱና "ነይ፣ ውጪ። የማን ጉልበት እንደደከመ እንይ" አሉ።

ሳይክል ተቀያየርን። የእሳቸው ኮርቻ ለእኔ ከፍ ብሎ እግሬ በጣቱ ብቻ ነው ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው፤ የእኔዋ ላይ ደግሞ ጋሼ ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊመታ ምንም አልቀረውም። በፎንቆ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ሳይክል የያዙ አንድ ሽማግሌና አንዲት ጎልማሳ ሴት ጎን ለጎን ሲሄዱ ሰው ሁሉ ከሥራው ቀና አለ። ጎመን የምትሸጥ አንዲት ሴት "ጋሼ፣ ልጅዎ ናት?" ብላ ጮኸች። "ተቀናቃኜ ናት" አሏት። አቀበቱ ጋ ስንደርስ ጋሼ ሳይነሱ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ተቀመጡ ወጡት። እኔ ግማሹ ላይ ወርጄ ስደርስ፣ እላይ ቆመው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

"ፍሬንሽ ከእኔ ይሻላል" አሉኝ።

"የእርስዎ ማርሽ ከእኔ ይሻላል" አልኳቸው። እያለከለክሁ ስለነበር ለማለት ጊዜ ወስዶብኛል።

ተመልሰን በረንዳው ላይ ተቀመጥንና ተስማማን። ቀድሞ መንዳት የተወ ሰው ሳይክሉን ለሌላው ይሸጣል፤ ለሦስተኛ ሰው አይሰጥም። እስከዚያው መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ስናስመጣ ጥንድ ጥንድ እናስመጣለን። እትዬ ምስክር ሆኑ፤ "በከንቱ ነው የምመሰክረው፣ ሁለታችሁም የምትተዉ አይደላችሁም" አሉ።

ሰኞ ሳይክል ሠሪው ጋ ሄጄ ለምን ለሁለታችንም እንዲያ እንዳለን ጠየቅኩት። ትንሽም አላፈረም። "ቲቸር፣ እኔ እኮ አልዋሸሁም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትተዋላችሁ ብዬ ነው፤ የትኛችሁ እንደሆነ ግን አላወቅኩም" አለ።

ያን ቅዳሜ ቤት ስገባ ባሌ ከሶፋው ጀርባ አየና "የታለች ታዲያ?" ሲለኝ የሆነውን ነገርኩት። ሳይከራከር ያሸነፈው ይህንን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ታይፎይድ ያዘኝና ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ጋሼና እትዬ ማር ይዘው ጠየቁኝ። ጋሼ በወጉ "እግዚአብሔር ይማርሽ" አሉ፣ ስለ መድኃኒቱ ጠየቁ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ሶፋው ጀርባ ሄደ። "ስትተኚ ጎማዋን ማን ነው የሚነፋልሽ?" አሉ። እትዬ ጎሸሟቸው። እኔ ግን አልተቀየምኩም፤ እሳቸው ጉንፋን በያዛቸው ጊዜ እኔም በስልክ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስለ ሳላቸው ሳይሆን "መንዳት ከለከሉዎት እንዴ?" ብዬ ነበር። እነሱ በሄዱ በሦስተኛው ቀን ተነስቼ ግቢ ውስጥ በሳይክል ስዞር ልጄ ቪዲዮ ቀርጻ ላከችላቸው።

ከጥቂት ወር በፊት ባሌ ለመስክ ሥራ ዝንጅብል ወደሚበዛባት ሙዱላ ሄደ። ቀትር ላይ ደወለልኝ። "አንድ ነጋዴ ጋ ሳይክል አየሁ። አቮካዶ ነው ቀለሟ፣ ያችው ናት። የቢሮው መኪና ጣሪያ ባዶ ነው፣ እጭናታለሁ ወይስ አልጭንም?" አለ። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ የሜትር ልኬት አልፎ፣ ሰውየው አሁን ራሱ ሊገዛልኝ ነው። ልቤ ተነካ። ፎቶ ላከልኝ፤ እውነትም እሷው ናት።

ቆይ አልኩትና ፎንቆ ደወልኩ። ያገኘ ሰው ለሌላው ሳይነግር መግዛቱ ልክ መስሎ አልታየኝም። "ጋሼ፣ ሦስተኛ ተገኝታለች። ይፈልጓታል?"

"አንቺስ?" አሉ።

"እኔንጃ። እርስዎ ከወሰዷት የእኔን አይጠብቁም ማለት ነው። እኔም ከወሰድኳት..."

"ተያት" አሉ ጋሼ። "እኔ ያንቺን መጠበቅ ለምጃለሁ። በዚያ ላይ ሁለት ካሉኝ ባለቤቴ አንዷን ከቤት ታስወጣለች፣ ወይም እኔን።"

ባሌ መስመር ላይ እየጠበቀ ነበርና "ሰውየውን ምን ልበለው?" አለ፣ ትንሽ ተናዶ። አንፈልግም በለው አልኩት። ባዶ ጣሪያ ይዞ መመለስ አልሆነለትም መሰለኝ፣ ማታ አንድ ጆንያ ሙሉ ዝንጅብል ይዞ ገባ። የምናስቀምጥበት ቦታ አጣንና ከሶፋው ጀርባ፣ ከሳይክሌ ጎን አቆምነው። ግማሹን ለጎረቤት አከፋፈልን፤ አንድ ፌስታል ለጋሼና ለእትዬ በሚኒባስ ላክሁ። የቀረውን እስካሁን በሻይ እየጠጣን ነው።