የጓያ ገለባ

ትናንት ከሱቅ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ስፈታ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» የሚል ዓምድ ዓይኔ ገባ። ማር ዘመናት ቢቀመጥ እንደማይበላሽ ይነግረኛል። ቀጥሎ ጓያ መጣ። ይህ ድርቅ የማይበግረው እህል በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ «የሚገርመው» ከሴቶች ይልቅ ጎልማሳ ወንዶችን ይጎዳል፤ ምክንያቱ እስካሁን ምስጢር ነው። ገበሬዎች ግን በሽታው ከገለባው ይመጣል ብለው በከንቱ ያምናሉ ሲል ፈገግ እያለ ይደመድማል።

ወረቀቱን ከነስኳሩ ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። እኔ ከተማ ተከራይቼ እማራለሁ፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ሞፈሩን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። ረሃብ የለም ይባል በነበረበት በዚያ ዓመት ገብሱም ስንዴውም ከመሬት ሳይነሳ ቀረ። ፍሬ የያዘው ከታች ዋልካው ጥቁር አፈር ላይ የተዘራው ጓያ ብቻ ነበር። ለክረምት እረፍት ስገባ ዝናቡ አሁንም አልመጣም፤ ቤቱን የጓያ ንፍሮ ሽታ ሞልቶታል። ጣፈጥ ያለ፣ እርጥብ አፈር የሚመስል ሽታ ነው። ዛሬም ድንገት ሲሸተኝ መንገድ እቀይራለሁ።

አነብ ነበርና አዋቂ ነበርኩ። ጓያ ተዘፍዝፎ ውኃው ከተደፋ፣ ሌላ እህልም ከተቀላቀለበት ጉዳቱ እንደሚቀንስ አንድ መጽሐፍ ላይ አግኝቼ፣ ለእናቴ እንደ ሰባኪ ቆሜ ነገርኳት። ምንጩ ደርቆ ውኃ የምትቀዳው ከገደሉ ሥር ወርዳ ነበር። እንስራዋን አየት አድርጋ፣

«ደፍቼውስ ምን ላጠጣችሁ ልጄ?» አለች።

ወንድሜ ሳቀ። «የኔታ፣ የሚቀላቀለውን እህል እዚያው ከመጽሐፉ ቆንጥረህ ስጣት» አለኝ።

ለድሃ የሚጻፍ ምክር ባነበብኩ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል።

ምስጢር ነው ያሉትን ግን ልንገርህ። የሌላውን ቤት አላውቅም፣ የእኛን አውቃለሁ። እናቴ ንፍሮውን ስታካፍል ለራሷ እፍኝ የማይሞላ፣ ለእኔ ሁለት እፍኝ፣ ለወንድሜ ገበታ ሙሉ ታደርግ ነበር። አራሹ እሱ ነው፤ እሱ ከወደቀ ሁላችንም ወደቅን። ገበታው ሲጎድል ከራሷ ትጨምርለታለች። «ብላ የኔ ጌታ፣ ጉልበት ይሁንህ» ትለዋለች። ሊቃውንቱ በየቤተ ሙከራው ይፈልጉ፤ እኔ መልሱን እናቴ እጅ ላይ አይቼዋለሁ።

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ወንድሜ ከእርሻ መጣ። ጉልበቶቹ ይላተማሉ፣ በእግሩ ጣቶች ብቻ ይረግጣል። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ዱላ ተነስቶ አያውቅም። እናቴ እግሮቹን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ምን አብልቼህ ነው?» አለች።

እኔ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ቀድሜ እጄን የማወጣ ተማሪ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ቀደመኝ።

«ገለባው ነው እምዬ። አውድማ ስጠብቅ የጓያ ገለባ ላይ ተኝቼ ነበር። አብሽሪ።»

ይህን ሲላት የሚያየው እኔን ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ መሬት ላራሹ ታወጀ። ድርሻውን በገመድ ለክተው ሲሰጡት በሁለት ዱላ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «እንግዲህ አራሹን ደግሞ ፈልጉልኝ» አላቸው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬያለሁ፤ በጋዜጣ፣ በሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ወዳጆቼም በዚሁ ርቀውኛል። እናቴን ግን አላረምኳትም። ክፉ ዓመት ሲመጣ ጓያ መዝራታችን አልቀረም። በተወቃ ቁጥር ከብት የሚበላውን ገለባ በእቅፏ እየተሸከመች ከቤት አርቃ ታቃጥለው ነበር። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ አብሬያት እሸከም ነበር።

«ተቃጠል» ትለዋለች ገለባውን።

ከኋላችን የወንድሜ ዱላ ድንጋዩን ቀስ እያለ ሲመታ ይሰማኛል። ክብሪቱን የምጭረው እኔ ነበርኩ።