ከቀብሩ በፊት ያላቆምኩት ማግኔት

መቱ ከተማ ቤቴ ተቀምጬ፣ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለች አንዲት ሬዞኔተር በላፕቶፕ እለካ ነበር። ብርጭቆ በማንኪያ ሲነካ የራሱን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ እሷም የማይክሮዌቭ ሞገድ ሲላክባት በራሷ ፍሪኩዌንሲ ትመልሳለች። ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት ከሚያሳልፍ ሱፐርኮንዳክተር ስለተሠራች እጅግ ካልቀዘቀዘች አትሠራም። የእኔ ጥያቄ ማግኔት ሲጠጋት ምን ትሆናለች የሚል ነው። የተሰጠኝ ተራ አንድ እሁድ ብቻ፤ ያለዚያች እሁድ የመመረቂያ ጽሑፌ ባዶ ወረቀት ነው።

ማግኔቱን ኃይሉን ቀስ እያለ እንዲጨምር አዘዝኩት። ከልኩ ካለፈ የማግኔቱ መስክ ሬዞኔተሯ ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል፤ ማግኔቱ ቢጠፋ እንኳ አይወጣም። እንደገና ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ጊዜ የለኝም። ልኩ ሳይደርስ ማቆም ነበረብኝ።

የዕድሩ ጥሩምባ የተነፋው ያኔ ነው። ሦስት ቤት አልፎ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን አርፈዋል፤ ቀብሩ ትውልድ አገራቸው ሁሩሙ ነው፣ ለቀስተኛ የሚወስደው መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ጎረቤት ሞቶ ቤት ልቀመጥ? አቁሜው ብሄድ ደግሞ ቀኑ ሊያልፍብኝ ነው። «ልኩ ለመድረስ ገና ነው፣ በስልኬ አቆመዋለሁ» አልኩ። አይ የእኔ ነገር! እሁድ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰው እንደሌለ እያወቅሁ።

ሁሩሙ ስንደርስ ኔትወርክ የለም። አጥሩ ጋ ሄድኩ፣ ጉብታው ላይ ወጣሁ፣ ስልኬን አጥፍቼ ከፈትኩ፤ ወፍ የለም። ኔትወርክ የት እንደሚገኝ ሰው ብጠይቅ የዕድሩ ሰብሳቢ «በስመአብ! ሬሳ ፊትሽ አስቀምጠሽ?» ብለው ገሠጹኝ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ሽማግሌው አፈር ሲለብሱ ኔትወርክ መጥቶ ስልኬ ነዘረ። ጠዋት ስክሪኑ ላይ ቀጭንና ጥልቅ የነበረችው ምልክት ወደ ታች ተንሸራታ፣ ሰፍታ ተለጥጣለች። ማግኔቱን ዜሮ አልኩት። ዜሮ ሆነ። ምልክቷ ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም።

እዚያው ቁጭ ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። «ማል ታኤ?» አሉ ሴቶቹ በኦሮምኛ፣ ምን ተፈጠረ ብለው፤ ምን ሆንኩ ልበላቸው? የሟች ሚስት ራሳቸው፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ መጥተው አቀፉኝ። በባሏ ቀብር ላይ ያለች ሴት እኔን ስታባብል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለባላቸው እንዳላለቀስኩ መናገር አቃተኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «እሱም ይወድሽ ነበር። ‹ያቺ ልጅ ስትመረቅ ባያት› ይል ነበር። በቃ፣ አንቺ ብቻ ዘንድሮ ተመረቂለት።»

«እሺ» አልኳቸው።