በስሜና በአባቴ ስም መካከል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ ወልድያ ወዳለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ መጣች። ፊቴ ተቀምጣ ፕሮግራም ልትጭን ስትሞክር እምቢ አላት። እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ ብድግ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለችኝ። እነዚያን እጆች አውቃቸዋለሁ፤ የኔ ነበሩ።

ልጅ ሆኜ መርሳ ስማር ኮምፒውተር ክፍል የሚገባው ጫማ ወልቆ ነበር። በሩ ላይ ጫማው እንደ መስጊድ ይደረደራል፤ ውስጡ የጋለ ፕላስቲክና ካልሲ ይሸታል። አንድ ቀን መምህሩ በየስማችን ፎልደር ከፍተን የታይፕ መለማመጃ እንድንጭንበት አዘዘን። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ሰዓዳ ስለነበርን፣ እኔ ደብተሬ ላይ እንደምጽፈው የአባቴን ስም ጨመርኩበት፤ ሰዓዳ፣ ትንሽ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ይማም። የሁሉም ተጫነ፣ የኔ እምቢ አለ።

«ምን ነካክተሽ ነው ያበላሸሽው? ወላጅ ሳታመጪ እዚህ እንዳላይሽ» አለኝ መምህሩ።

አባቴ ሽንኩርቱን የሚያጠጣበትን የውሃ ተራ ጥሎ መጣ። በበጋ ተራ ያመለጠው ሰው ማሳው እንዴት እንደሚሆን የወረዳችን የሀብሩ ገበሬ ያውቀዋል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ልጁ ለሚሆን መምህር፣ «ልጅ ናት፣ ለአላህ ብለው ይማሯት» አለው። መምህሩ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ፣ «ልጅህን ምከር፤ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አትገባም» አለው። አባቴን፣ በአንተ።

እኔ ግን አልተኛሁለትም። ጓደኛዬን ፋጡማን ለምኜ እሷም ፎልደሯን ከነአባቷ ስም ከፈተችው፤ እምቢ አለ። ክፍቱን ቦታ አጥፍታ ሁለቱን ስም ብታጣብቃቸው ተጫነ። ሮጬ ለመምህሩ ነገርኩት። «እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ። ካወቀ አባቴን ለምን አስለመነው? ካላወቀስ እኔን በምን አስወጣኝ? ወደ ክፍሉም አልመለሰኝም፤ የቀረውን በመስኮት ነው የተማርኩት።

ዛሬ ስልኩ ፊታችንን አይቶ በሚከፈትበት ዘመን፣ አንዳንዱ ፕሮግራም አሁንም ያችን ክፍት ቦታ አይችላትም። የልጅቱም ፎልደር ያው ነበር፤ ስሟ፣ ክፍት ቦታ፣ የአባቷ ስም። እጆቿን ይዤ ኪቦርዱ ላይ መለስኳቸው። «ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፣ ያንቺ አይደለም። አጣብቂው» አልኳት። ተጫነላት።

ማታውኑ መርሳ ላለው አባቴ ደወልኩ። «አባ፣ ያን ጊዜ እኮ ኮምፒውተሩን አላበላሸሁም» አልኩት፣ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ።

ሳቀ። «አሁንማ ተይው ልጄ» አለኝ፣ «እኔ ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ።»