በማስቲሽ ያጣበቅሁት ባሕር

ልጄ ሐያት የበቆሎ እሸት እየበላች ሳለ ግማሹን አስቀመጠችና «በረደኝ» አለች። መስከረም እያለቀ ነበር። በሸዋ ሮቢት በዚያ ወር ቀትር ላይ ማንም አይበርደውም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ዘይነባ ጋቢ ደረበችላት። እኔ ከሥራ ስመለስ ነገሩኝ፤ ወባ ነው አልኩ። በይፋት ቆላ ክረምቱ ሲወጣ ትኩሳት ያልገባበት ቤት ስለማይገኝ ማንም አይደነግጥም። ካለፈው ዓመት የተረፈ ክሎሮኪን ከሣጥን አውጥቼ ሰጠኋት። አስመለሰችው። ጥቂቱ ሆዷ ውስጥ ቀርቷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጤና ጣቢያው ከቤታችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አልወሰድኳትም።

ይህን የምጽፈው ልጁ እንደ ልጄ ለታመመበት ወላጅ ነው። ስለዚህ ጥፋቴን ከፊት አስቀድማለሁ። ወደ ኋላ ያቆየሁት እንደሆነ ማሳመር እጀምራለሁ።

ግንበኛ ነኝ። አስኳላ አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ የወባ ሠራተኞች መጥተው ቤታችንን ከውስጥ ዲዲቲ ረጩት። መድኃኒቱ ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ነጭ ዥጉርጉር ትቶ ቀረ። ለወራት እንዳትነኩት ብለውን ነበር። ነሐሴ ላይ ግን አረፋ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ለአረፋ ቤቱን ኖራ ያልቀባ ሰው ይታማል፤ ግንበኛ ሲሆን ደግሞ ሐሜቱ ይብሳል። ዥጉርጉሩ ግድግዳ ዓይኔን ወጋኝ። ኖራ ቀባሁበት። እንግዶች ገብተው «ማሻአላህ፣ እጅህን አይንሳን» አሉኝ። ከኖራው ሥር መድኃኒቱን እንደቀበርኩት፣ ትንኟም በነጩ ግድግዳዬ ላይ እንደ ልቧ ታርፍ እንደነበር የገባኝ ሆስፒታል ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንቀጠቀጣት። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ። ጥርሷ ገጠመ። ዘይነባ ስሟን ጠራች። መልስ የለም። ተሸክሜ ሮጥኩ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደሟን በማይክሮስኮፕ አይቶ ቀና አለ። «ፋልሲፓረም ነው፣ ክፉው ወባ። አንጎሏ ጋ ደርሷል። እዚህ አትቆይም።» ሸቀጥ አራግፎ የሚመለስ ፒካፕ ለምነን ዳገቱን ወጣን። ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። ልጄ በጉልበቴ ላይ ነበረች። ትተነፍስ እንደሆነ ጣቴን አፍንጫዋ ላይ አድርጌ እየሞከርኩ ደብረ ብርሃን ገባን።

ሐኪሙ ማጅራት ገትር አለመሆኑን ለማወቅ ከአከርካሪዋ ውሃ ቀዳ። ካርዷ ላይ ሴሬብራል ማላሪያ፣ የአንጎል ወባ ማለት ነው፣ ብሎ ጻፈ። ኩኒን በግሉኮስ ተሰቀለላት። ትድናለች ወይ አልኩት። «አልዋሽዎትም፣ አላውቅም» አለኝ። በዚያን ጊዜ ጠላሁት። አሁን የማመሰግነው ስለዚያ ቃሉ ነው።

አራት ቀን አልነቃችም። በአምስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። አላወቀችኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ አወቀችኝ። ቃል ግን አልወጣትም። ቀኝ እጇ አልጋው ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተኝቷል። ሐኪሙ ሄሚፓሬሲስ ይባላል አለ፤ የአንጎሏ ግራ ክፍል ስለተጎዳ ቀኝ ጎኗ ደክሟል፣ የንግግርም ቦታ በዚያው በኩል ነው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እግሯ የሚመለስ ይመስለኛል። ለእጇ ቃል አልሰጥም። የሚመጡት ወራት ናቸው የሚለዩት።»

ቀኝ እጅ በእኛ ቤት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በቀኝ ይበላል፣ በቀኝ ይሰጣል፣ በቀኝ ይጻፋል። ግራ እጅ ለሌላ ነገር ነው። ሐያት ሕፃን ሳለች በግራዋ ወደ ትሪው ስትሰድ እጇን በማንኪያ እመታት ነበር። ቤት ከተመለስን በኋላም ከትሪው በግራዋ አታነሣም ብዬ ለብቻዋ ሳሕን አስቀረብኩላት። እናቷ ትሪውን ትታ ከእሷ ጋር ተቀመጠች። እኔ ብቻዬን በላሁ። ሥርዓት ያስከበርኩ መስሎኝ ነበር።

ከሆስፒታል ሳንወጣ ሲስተር አልማዝ የምትባል፣ ከሐረር ተመድባ የመጣች የፊዚዮቴራፒ ነርስ አንድ የካርቶን ሣጥን ሰጠችን። አገሯ የገባች የውጭ አገር ነርስ ትታው የሄደችው ነው። በላዩ ላይ የባሕር ወለል ሥዕል አለበት፦ ራሱን በብርጭቆ የሸፈነ ጠላቂ፣ ቢጫ ሰርጓጅ መርከብ፣ ዓሣዎች፣ ስምንት እጅ ያለው ፍጥረት። ውስጡ እርስ በርሱ የሚገጥም ትናንሽ የፕላስቲክ ጡብ ነው። ልጄን ሥራ እንጂ ጨዋታ አላስተማርኳትም አልኳት።

«ጋሼ ሰይድ፣ ግንበኛ ሆነው ጡብ ይንቃሉ?» አለችኝ።

ሣጥኑን ተቀበልኩ። ሐያት በቀኟ ጡቦቹን እንድትገጥምና እንድትፈታ፣ በየወሩም ለምርመራ እንድንመላለስ አዘዘችን።

ቤት ስንገባ ሣጥኑን እንደ ማንኛውም የግንባታ ዕቃ መረመርኩት። መቶ ዘጠና ሁለት ጡብ ነበር። የጠላቂው አንድ እግር ጎድሏል። ጡቦቹ አንድ ልክ ናቸው፤ ቱንቢ ጥዬ ሞክሬያቸዋለሁ፣ ሃያ ተደርበው ፀጉር ታህል አይዘሙም። የእኛ ምድጃ እንዲህ ዓይነት ጡብ አውጥቶ አያውቅም። ዓሣዎቹ ግን ለሥራው ከንቱ ናቸው፤ ይለሰልሳሉ፣ ለደከመ ጣት አይያዙም። ከሁሉ የከበደኝ መመሪያው ነው። አንድ ፊደል የለበትም፣ ሥዕል ብቻ። በስንት ድካም ማንበብ የተማርኩ ሰው በማይነበብ መጽሐፍ ፊት ቁጭ አልኩ። ሐያት በግራ ጣቷ ከሥዕሉ ወደ ጡቡ እያመለከተች አሳየችኝ። አፏ ሳይፈታ እሷ አስተማረችኝ።

ዘይነባ ስምንት እጅ ያለውን ፍጥረት አንሥታ ብዙ ጊዜ አየችው። «ስምንቱንስ ምን ያደርግለታል? አንዱን ለልጄ ቢሰጣት» አለች። ሳቅን። ከታመመች ወዲህ በቤታችን የተሰማው የመጀመሪያ ሳቅ ያ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጡብ አልገጠመችም። በሁለተኛው በመዳፏ ጎን ገፍታ አንድ አስገባች። በአምስተኛው በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ይዛ ሦስት ገጠመች፤ በዚያው ሰሞን «ውሃ» እና «እማ» ማለት ጀመረች። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሰማያዊው ወለል ላይ መርከቡ ቆመ። ልታሳየኝ አንሥታ ስትመጣ ከእጇ ወደቀ። ተበታተነ። አለቀሰች። በሕመሟ ሁሉ ያላለቀሰች ልጅ።

እኔ የሠራሁት ግድግዳ ፈርሶ አያውቅም። ሁለት ወር የተደከመበት በአንድ መውደቅ ሲፈርስ ማየት አልቻልኩም። በማግስቱ ከቀትር በኋላ እሷ ስትተኛ ከጫማ ሰፊው ማስቲሽ አመጣሁ። ሥዕሉን እያየሁ ከወለሉ እስከ መርከቡ ጫፍ፣ ዓሣዎቹንና ስምንት እጅ ያለውን ጨምሬ፣ አንድ በአንድ እያጣበቅሁ ሠራሁት። ጠላቂውን መርከቡ ውስጥ አስቀመጥኩትና ከደንኩት። ውሃ ልክ አስቀምጬ አየሁት። ቀጥ ያለ ነበር። ደስ አለኝ።

ስትነሣ ሰጠኋት። «ከእንግዲህ አይፈርስም» አልኳት።

ላዩን ያለውን ጡብ በቀኟ ያዘች። ሳበች። እንደገና ሳበች። ግራዋን ጨመረች። ከዚያ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አልፈታም አለ፣ አባዬ» አለች። ከታመመች ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ያኔ ነው። እኔ የሰማሁት መናገሯን ነው። ምን እንዳለች አልሰማሁም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጎረቤት ጠራሁ።

ከዚያ በኋላ አልነካችውም። መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ እንግዳ ሲመጣ አሳየው ነበር። ከጀውሃ የመጡ ዘመዶቼ «ይህን ልጅቱ ናት የሠራችው?» ሲሉኝ አዎ አልኩ። ዋሸሁ። ሥራ ስለበዛብኝ ሁለት ቀጠሮ አሳለፍኩ። ጣቶቿ ቀስ በቀስ ወደ መዳፏ ታጠፉ። በየቀኑ ስለማየው አላየሁትም። ዘይነባ ነግራኝ ነበር። ብርዱ ነው አልኳት። ብርድ በማያውቀው በእኛ አገር።

በመጨረሻ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ሲስተር አልማዝ የልጄን እጅ ዘርግታ ለማስተካከል ሞከረች። ሐያት ጮኸች። ሲስተር ልጅቱ ቤት ምን ስትሠራ እንደቆየች ጠየቀችኝ። ለማሳየት ይዤው ስለነበር መርከቡን ከጋቢዬ አወጣሁ። ተቀበለችኝ፣ ሳበችው፣ ገለበጠችው። አልጮኸችብኝም።

«ለመግጠም መግፋት ይበቃል፣ በክርንም ይሆናል» አለች። «ጣት የሚያስፈልገው ለመንቀል ነው። እኔ የፈለግኩት መንቀሉን ነበር። እንዲፈርስ ነው የሰጠሁዎት።»

ሐኪሙም አይቶ ጅማቱ ማጠር እንደ ጀመረ፣ ያለፉት ወራት እንደማይመለሱ፣ ከአሁን ጀምሮ የሚሠራው ግን እንደሚቆጠር ነገረን።

ያን ሳምንት ሥራ አልገባሁም። መርከቡን በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ ጡቡ ጠመመ። በቤንዚን ሞከርኩ፤ ዓሣዎቹ ደበዘዙ፣ ስምንት እጅ ያለው ሦስት እጁን አጣ። በቢላ እየፈለቀቅሁ ሳወጣ ሐያት አጠገቤ ተቀምጣ የዳነውን ካልዳነው ትለይ ነበር። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ከመቶ ዘጠና ሁለቱ አርባ አንዱ ብቻ ዳኑ። ከመርከቡ ሆድ ግን ጠላቂውን ማውጣት አልቻልኩም።

በአርባ አንዱ ጡብ ጀመርን። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በደጃፍ ጣቶቿን በሞቀ ውሃና በሰሊጥ ዘይት አሽቼ አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፣ ከዚያ እሷ ትገጥማለች፣ እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ እጄን እንዲህ ማሳረፍ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ ነው። በቀረው ጡብ ሥዕሉ ላይ ያለው ባሕር አይሠራም ነበርና ባሕሩን ትታ የምታውቀውን ሮቢ ወንዝን ሠራች፣ ድልድይ አቆመችበት፣ አምስት እጅ የቀረውን ፍጥረት ከድልድዩ ሥር አስቀምጣ ደራሽ ውሃ ወሰደው አለችኝ። ከዚያ በቀኝ እጇ፣ እያላባት፣ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ነቀለችው። ሰኞ ገጠመች፣ ማክሰኞ ነቀለች፤ እንዲህ እያልን በጋውን ጨርሰን ክረምቱን ያዝን።

የሚቀጥለው አረፋ ሲደርስ፣ ሰኔ ላይ ዳግም የተረጨው ግድግዳ ዥጉርጉር እንደሆነ ቀረ። ኖራ አልገዛሁም። እንግዶች አዩት፤ በኋላ እንዳሙኝ አውቃለሁ። ምሳ ሲቀርብ ለብቻ የሚቀርበውን ሳሕን ራሴ አንሥቼ ወደ ጓዳ መለስኩት። ሐያት ከትሪው ዳር ተቀምጣ በግራዋ እንዳታነሣ ሁለቱንም እጆቿን ከጋቢዋ ሥር ደበቀች። በእኔ ምክንያት ነበር የደበቀችው።

«በቻልሽው እጅ ብዪ» አልኳት በሰው ሁሉ ፊት።

አየችኝ። ከዚያ ቀኟን አወጣች። በሁለት ጣቷ እንጀራ ቆረሰች፣ ከወጡ ነካች፣ ግማሹ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ አፏ ደረሰ። ሁለተኛውን ጉርሻ በግራዋ አነሣች። ዘይነባ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች።

እጇ ከዚያ ብዙ አልተሻሻለም። ሁለት ጣቷ ይሠራሉ፤ ሦስቱ እንደታጠፉ ናቸው፣ ክንዷም ከግራው ቀጭን ነው። የምትጽፈው በግራዋ ነው፣ ጽሕፈቷም ከእኔ ያምራል። ድናለች ብዬ አልዋሽም። የጠፉት ወራት ባይጠፉ ኖሮ ስንት ጣት ይመለስ ነበር የሚለውን ሐኪሙን ጠይቄው አላውቅም።

አላህን አመሰግናለሁ። እውነቱን ያልሸሸገኝን ሐኪም፣ ሳትጮህ ያስተማረችኝን ሲስተር፣ የማላውቃትን የሣጥኑን ባለቤት አመሰግናለሁ። እናንተ ወላጆች፣ በቆላ አገር ልጅ «በረደኝ» ካለ የዚያኑ ቀን ደሙ ይታይ። የተረፈ ኪኒን አታስቀምጡ። እጅ የደከመበት ልጅ ካላችሁ እንዲህ ያለ መጫወቻ ፈልጉ፤ ባታገኙ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ያለ ፍሬ መፈልፈል ተመሳሳይ ሥራ ነው፣ ሞክረነዋል። ዓሣውን ተዉት፣ ጡቡን ስጡት። ሲፈርስ አታንሡለት። ሲያለቅስ አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ግን ሰብስቡ።

ያልተፈታው የመርከቡ ቁራጭ፣ ጠላቂው ውስጡ እንዳለ፣ ከቱንቢዬ ጋር በአንድ ከረጢት ይዞራል። ካራቆሬም ሆነ ቀወት ለልስን ስጠራ ከረጢቱን ስከፍት ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ከዚያ ባለቤቱን የወባ ሰዎች መቼ እንደረጩ እጠይቃለሁ። ገና ነው፣ ወራቱ አልሞሉም ያለኝ እንደሆነ ዕቃዬን ሰብስቤ እመለሳለሁ።